ከአቡጀዴው ሥር የነበረች ፊት

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮዎቹ ከአሮጌ መጋዘንና ከትምህርት ቤት ክፍሎች እየተሸነሸኑ የተሰጡ ነበሩ፤ በየበራቸው የተሰቀለው የቆርቆሮ ሰሌዳ ቀለሙ ገና ይሸታል። ከነዚያ ሰሌዳዎች ብዙዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሶሳ ገበያ ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጥግ ተጠግቼ ማስታወቂያ እጽፍ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ። ልብስ ሰፊው ኮፍያና ሻሽ የሚያሳይበት ራስ ባስፈለገው ጊዜ ከኩይሳ አፈርና ከጀሶ ራስ ለመሥራት ሞከርኩ። የመጀመሪያው ዱባ መሰለ። ሦስተኛውን ግን አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለው ጀመር።

«ኧረ ሰዒድ፣ ወይ አበላሽተህ ሥራልኝ» ይለኝ ነበር ልብስ ሰፊው። «ሰዉ ሰላም እያለ አፍሮ ይሄዳል እንጂ አልገዛኝም እኮ!»

እንዴት ተማርክ ለሚለኝ የነበረኝ መልስ አጭር ነው፤ በማየት። ሻይ ቤት ከሰዎች ኋላ ተቀምጬ ጆሮ ሳይ እውል ነበር። የዐይን ቆብ ወደ አፍንጫ ሲጠጋ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማወቅ የተኙ ሰዎችን አያለሁ። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ማየት ግን አይሰለቸኝም።

በነዚያ ራሶች ምክንያት ነው ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ተመራማሪዎች ያገኙኝ። ክልሉ የመጀመሪያውን የታሪክ ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነበር። ተመራማሪዎቹ ለወራት በየመንደሩ እየዞሩ ሽማግሌና አሮጊት ሲያነጋግሩ ከረሙ። መሪያቸው ዶክተር መኮንን ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከሱቁ በር ላይ ቆመው አንዱን ራስ በጣታቸው ቆርቆር አደረጉና «ሙሉ ሰው ትሠራለህ?» አሉኝ።

«ሞክሬ አላውቅም።»

«ስድስት ነው የምፈልገው።»

ስድስቱ የሚቆሙት በአዳራሹ ጥግ ነበር። ከአንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር የተገኘ ባላ እንጨት አለ። ሰው እየታፈነ በሚሸጥበት ዘመን የምርኮኛ አንገት በባላው መሀል ገብቶ ይታሰር ነበር። ያንን እንጨት ያለ ሰው ማሳየት ምንም አይናገርም አሉ ዶክተሩ። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። የሻጩም የተሸጠውም የልጅ ልጅ በአንድ ገበያ ነው የሚገበያየው። ያ ጥግ ባይኖር የሚመርጡ ሹማምንት ነበሩ፤ ምክንያት ቢያገኙ ያነሱት ነበር።

አንድ ምክንያት ወዲያው ተነሣ። የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሼህ ሙሳ መጥተው ገና በቀርከሃ የቆሙትን አካላት አዩና «ፊት አይኑራቸው» አሉ። «ፊት የሠራ ሰው፣ የቂያማ ቀን በል እንግዲህ ሩሕ አስገባበት ይባላል። ይህ ልጅ ያን ቀን ነፍስ ከየት ያመጣል?»

ዶክተር መኮንንም ሳያቅማሙ ተስማሙ። ፊት ከሌለው ማንም «ይህ የኔ ዘር ነው፣ ያ ያንተ ዘር ነው» አይልም። የሁሉም ራስ በአቡጀዴ እንዲሸፈን ተወሰነ።

አምስቱን እንደተባልኩት ሠራሁ። ስድስተኛዋ ልጅ ነበረች። ከተመራማሪዎቹ ቃለ መጠይቅ በአንዱ ላይ አንዲት አሮጊት «ልጅ አይታሰርም፤ እናቱን ተከትሎ ይሄዳል» ብለው ነበር። ዶክተሩ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሲያነቡልኝ ድምፃቸው ወረደ። ስለዚህ ስድስተኛዋ ያለ ባላ፣ ያለ ገመድ፣ ከኋላ ቆመች። አንድ እግሯ ወደ ፊት ተራምዷል።

ፊቷን የሠራሁት ሳላስብ ነው። ጭቃው እርጥብ ነበር፤ አገጯን አስተካክላለሁ ብዬ ጀመርኩ። የላይኛው ከንፈሯ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከድጃ ነበረች።

ከድጃ እህቴ ናት። በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ከኔ በሁለት ዓመት ታንስ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ሁለታችንም በወባ ወደቅን። እኔ ስነቃ እሷ ተቀብራለች። ብዙ ሰው የሚቀበርበት ክረምት ስለነበር መቃብሩ ምልክት የለውም፤ አባቴ ቦታውን አሳየኝ ብዬው ሁለት ጊዜ ሁለት የተለያየ ቦታ አሳይቶኛል። ፎቶ አልነበረንም። በአእምሮዬ ልጠራት ስሞክር ቀሚሷ ይመጣል እንጂ ፊቷ አይመጣም ነበር። አሁን ግን ከእጄ መጣ፤ ሰፊው ግንባር፣ ወደ ላይ የተሰበሰበው ከንፈር፣ ምልክት የሌለው ልስልስ ጉንጭ።

አላፈረስኳትም። እንደ ሌሎቹ በአቡጀዴ ሸፍኜ አሰርኩት። ከሥሩ ፊት እንዳለ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አዳራሹን በዘጋሁ ቁጥር የምሰናበተው ሰው እንዳለኝ ይሰማኝ ጀመር።

ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ታሪካቸውን የሰጡ ሰዎች ቀድመው እንዲያዩ ተጠሩ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከመጡት መካከል ሰፈሩ ሁሉ ሀቦባ የሚላቸው አሮጊት ነበሩ፤ በዐረብኛው አያት ማለት ነው። ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሼህ ሙሳ ክንዳቸውን ይዘው ያስገቧቸው ሲሆን በበርታኛ የሆነ ነገር እያሉ ይሳሳቃሉ።

«ምን አሉ?» አሉ ዶክተር መኮንን።

«‹ዕውር ጠርታችሁ ተመልከቱ ትላላችሁ፤ ይሄ ነው የመንግሥት ሥራ› ነው የሚሉት» አሉ ሼሁ። ሁላችንም ሳቅን።

ሀቦባ የሚያዩት በእጃቸው ነበር። ገበቴውን ዳሰሱ፣ የንግድ ሚዛኑን ዳሰሱ። ባላው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ቶሎ አነሡ። ከዚያ ተራ በተራ አካላቱን እየነኩ አለፉ፤ ትከሻ፣ ገመድ፣ ትከሻ፣ ገመድ። ስድስተኛዋ ጋ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዝቅ አድርገው ፈለጉና ራሷን አገኙት።

«ይሄ ሕፃን ነው» አሉ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው።

«አዎ ሀቦባ» አልኳቸው።

«አልታሰረም።»

«ልጅ አይታሰርም የሚል ቃል ስለተሰጠን ነው።»

«እኔ ነኝ የተናገረ» አሉ።

ጣታቸው አቡጀዴው ላይ ወረደ። ጨርቁ ስስ ነበር። ግንባሯ ላይ ቆዩ። አፍንጫዋን አገኙ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈቱት፤ ጨርቁ ወደቀ። ከኋላዬ ዶክተር መኮንን «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉ ሰማሁ። ሼህ ሙሳ ፊታቸውን አዞሩ።

ሀቦባ ግን ማንንም አልሰሙም። በሁለት እጃቸው ጉንጮቿን ያዙ። በርታዎች በዚያ ዘመን ጉንጭ ላይ ሦስት መስመር ይቆርጡ ነበር፤ የእርሳቸውም ጉንጭ ላይ አለ። «ገና አልተቆረጠም» አሉ በሹክሹክታ። «ሳይቆረጥ ነው የሄደ።» አንድ ጣታቸውን ከአፍንጫዋ ሥር አድርገው ጠበቁ። ትንፋሽ እየጠበቁ ነበር።

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉና እግሯን አቀፉ። «ሀዋ ነው» አሉ። «እህቴ። ሞቷል።»

ሼህ ሙሳ አጠገባቸው ተንበርክከው በበርታኛ ጠየቋቸው። ሀቦባ ብዙ ተናገሩ። የተነገረውን ለእኛ ያስረዱን ሼሁ ናቸው።

ሀቦባና ታናሽ እህታቸው ሀዋ ከእናታቸው ጋር ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ ነው ሰዎቹ የመጡት። እናትየው አንገታቸው ባላ ውስጥ ሲገባ ለትልቋ ልጅ በዐይናቸው ቁጭ በይ አሏት፤ ከሣሩ ውስጥ ቀረች። ትንሿ ግን የእናቷን ዐይን አላየችም። ማንም ሳይነካት ተከትላ ሄደች። እናትየው በመንገድ መሞታቸውን ከጊዜ በኋላ ያየ ሰው ነገራቸው፤ ተለቀሰ፣ ተሰገደ። የሀዋን ሞት ግን አየሁ የሚል አልመጣም። አባትየው ደግሞ «በእግሯ የሄደች በእግሯ ትመለሳለች» ብለው እንዳይለቀስ ከለከሉ። ሀቦባ አግብተው፣ ወልደው፣ አርጅተው እስካሁን ለሀዋ አልለቀሱም።

«አሁን ነካሁ» አሉ ሀቦባ። «ቀዝቃዛ ነው። ትንፋሽ የለም። አሁን ታወቀ። ስጡኝ ልቅበር። ሶላት ይሰገድ።»

«ሀቦባ፣ ጭቃ እኮ ነው» አሉ ሼሁ በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ።

«አበድኩ እንዴ? ዕድሜዬን ወርቅ ሳጥብ፣ ጭቃ አላውቅም?» አሉ ሀቦባ። «የኩይሳ ጭቃ ነው። እኛስ ምንድን ነን?»

ዶክተር መኮንን ወደ ጥግ ወሰዱኝ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ግን የደከመ ሰው ፊት ነበር።

«አንዷን ካነሣሁ ሁሉንም አንሡ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ታውቃለህ» አሉኝ። «ፊት እንደሠራን ከሰሙ ደግሞ ሰበብ አገኙ። አሮጊቷንም በጉልበት አላስወጣም። እስቲ ንገረኝ፤ ከማን ላይ ነው የሠራኸው? የምታውቃት ልጅ ከሆነች ለሀቦባ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን፤ ነገሩም ያበቃል።»

ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱም ከአፌ ላይ ነበር። እህቴ ናት፤ ከድጃ ትባላለች። ይህን ብል ሀቦባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሀዋም ወደማይታወቅበት ትመለሳለች፤ ከነገ ጀምሮ እንደገና በእግሯ ልትመጣ ትችላለች። ዝም ብል ከድጃ ትቀበራለች። በሰው ስም። ዳግመኛ ልሠራት አልችልም፤ እጄ ሁለተኛ እንደማይታዘዘኝ አውቅ ነበር።

«ከማንም አይደለም» አልኩ። «እጄ ያመጣው ነው።»

ዶክተሩ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

ሀቦባ እንደተቀመጡ አመሹ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጠጡና የቀረውን ልጅቷ እግር ሥር አደረጉት። በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጡት ሼህ ሙሳ ናቸው። «እኛ ከመጀመሪያው ያልነው ምን ነበር? ፊት አይኑራቸው» አሉ። «አካሉ ይቁም፤ ፊቱ ይውጣ። ጭቃ ወደ መሬት ቢመለስ ኀጢአት የለበትም። ሶላቱን ደግሞ ለጭቃው አንሰግድም፤ ሩቅ ለሞተ ሰው በሌለበት የሚሰገድ አለ፤ ለሀዋ እንሰግዳለን። የዚህን ያህል ዓመት ቆይቶ ሞታለች ማለት ድፍረት አይደለም።»

ዶክተር መኮንን በረጅሙ ተነፈሱ። ሹማምንቱ የሚያገኙት ሰበብ የለም፤ ጥጉ ሙሉ ይሆናል፤ ሀቦባም የሚቀብሩትን ያገኛሉ። ሁሉም ሰው ረክቶ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ።

መጋዙን አመጣሁ። ጀሶው በፋሻ ስለተጠናከረ በቀላሉ አይለቅም፤ ከጆሮዋ ፊት ጀምሬ ወደ አገጯ ወረድኩ። እንዳይሰነጠቅ በግራ እጄ ግንባሯን ደግፌ ነበር። ዱቄቱ ቀሚሷ ላይ ይረግፋል። ልቅቅ ስትል ክብደቷ በሙሉ መዳፌ ላይ አረፈ። እህቴን ከሞተች ወዲህ ይዤ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። በአቡጀዴው ጠቅልዬ ሀቦባ ጭን ላይ አስቀመጥኳት።

«ያ ወለዲ፣ ና» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሊመርቁኝ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። እጃቸው ግን ልማዱን አልተወም። ግንባሬን ዳሰሰ። ወደ አፍንጫዬ ወረደ። የላይኛው ከንፈሬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሌላው እጃቸው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ የጭቃውን ከንፈር ነካ፤ ተመልሶ የኔን ነካ። ሼሁና ዶክተሩ በር ላይ ስለ ነገው እየተነጋገሩ ነበር፤ አላዩንም።

«ያንተ ነው» አሉኝ በቀስታ።

«አዎ» አልኳቸው።

«ማነው?»

«እህቴ ናት።»

«ሞቷል?»

«ሞታለች።»

«አይተሃል?»

«አላየሁም። ታምሜ ነበር።»

ነጭ የሆነው የሀቦባ ዐይን ከራሴ በላይ ያያል። የሀዋን ሞት የነጠቅኳቸው መሰለኝ፤ ዝም ማለቴም፣ መናገሬም እኩል ጥፋት ሆነብኝ።

«ልመልስልህ?» አሉኝ። በእውነት ነው የጠየቁኝ፤ እጃቸው ጥቅሉን ወደ እኔ ማንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

አንባቢዬ፣ በዚያች ቅጽበት የፈለግሁትን አልደብቅህም። ቀምቼ መሮጥ ነው የፈለግሁት። እሺ ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር፤ እርሳቸው እንኳ። ግን ጣታቸው አሁንም ከጭቃው አፍንጫ ሥር ነበር። እንደገና እየጠበቁ ነበር። የሃያና የሠላሳ ዓመት ሳይሆን የዕድሜ ልክ መጠበቅ በአንዲት ጣት ላይ አየሁ።

«አይ ሀቦባ» አልኩ። «እሷም ሀዋ ናት።»

ጣታቸውን አነሡ። ያኔ ነው ያለቀሱት። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

በማግሥቱ ጠዋት ከሰፈራቸው ዳር ቀበርናት። ሼህ ሙሳ ጭቃው መሬት ሲገባ ምንም ሳይናገሩ ቆሙ። ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ ከቦታው ፈቀቅ ብለን ተሰለፍን። ሼሁ ወደ ሀቦባ ዞረው «ስም?» አሉ፣ የሚያውቁትን ስም።

«ሀዋ» አሉ ሀቦባ። ከዚያ በእጃቸው አየሩን እየፈለጉ «ሌላም አለ» አሉ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሀቦባ ጠበቁ፤ መጠበቅ እንደሆነ ያውቁበታል። «ከድጃ» አልኩ በመጨረሻ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ሼህ ሙሳ አላዩኝም፣ አልጠየቁኝም፤ ወደ ፊት ዞረው «አላሁ አክበር» ብለው ሶላቱን ጀመሩ። ዶክተር መኮንን ጫማቸውን አውልቀው ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ሲያልቅ እጄን ያዙኝ፤ «አላህ ያጽናህ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ኤግዚቢሽኑ በቀኑ ተከፈተ። ስድስቱም እንደቆሙ ናቸው። እኔም እዚያው ቀረሁ፤ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ዕቃ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ እሠራለሁ። ፊት ግን አልሠራም። ልብስ ሰፊው ምን ነካህ ሲለኝ ራስ ጠፋብኝ አልኩት፤ ሳቀ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንዲህ ዓይነት አዳራሽ ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ዕቃ ታያላችሁ፣ ከሥሩ የተጻፈውን ታነባላችሁ፣ ትወጣላችሁ። እኔም የማስበው እንደዚያ ነበር፤ ያለፈው አልፏል፣ እኛ ደግሞ በትክክል ሠርተን እናስቀምጠዋለን። አሁን ጎብኚ ሲገባ እጁን አያለሁ። አንዳንድ ሽማግሌ ስድስተኛዋ ጋ ሲደርስ አቡጀዴውን ይነካል፤ ጣቱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ደንግጦ ያየኛል። ምን እንደፈለገ አልጠይቀውም፤ የመጣው የራሱን ሰው ይዞ እንደሆነ አውቃለሁና።

ሀቦባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። እስኪያልፉ ድረስ ልጠይቃቸው ስሄድ ሰላምታቸው ፊቴን መዳሰስ ነበር፤ ከግንባር ጀምረው ከንፈሬ ጋ ሲደርሱ ፈገግ ይላሉ። ለማን እንደሚስቁ ጠይቄ አላውቅም።

ከድጃን ለማስታወስ ዐይኔን ስጨፍን አሁንም ፊቷ አይመጣም። ቀሚሷም መምጣቱን ትቷል። የሚመጣው የአሮጊት ጣት ነው፤ በጨለማ ውስጥ የማይታይ ፊት ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየዋለሁ። ጣቱ ከአፍንጫዋ ሥር ሲቆም እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።